ስለ መኪና ቴርሞስታት ምርጫና አቀያየር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእድር ስብሰባ ላይ ስለ መኪና ዕቃ ለመናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ይኼ ከእድር ምን አገናኘው?» ማለታችሁ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስም ይገባዋል።

እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ቀብር ያለ መኪና አይሆንም። አንድ አባላችን ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ሳይድን ይቀራል። ልጆቹ «ያባታችን ሥጋ ከተወለደበት ደብር ይረፍ» ይላሉ። አስከሬኑ በሌሊት ተጭኖ ዓባይን ይሻገራል። እዚህ በደብረ ማርቆስ ወይም በገጠሩ ድንኳኑ ተተክሎ፣ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ካህናቱ ተጠርተው፣ ዘመድ አዝማዱ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ ውሃ አፍልቶ ቢቆም ምን ይደረጋል? ሠርግ ቢሆን ሙሽራው ትንሽ ይታገሣል፤ ቀብር ግን ቀጠሮ አያሻግርም። በሌላም በኩል ከመካከላችን በሹፍርናና በጋራዥ ሥራ የምንተዳደር ጥቂት አይደለንም። የአንድ ሾፌር ሞተር ተቃጠለ ማለት የልጆቹ ቀለብ ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከመኪና ጋር የምንውል አባላት ተመካክረን ይህን ንግግር አዘጋጅተናል።

ጉዳያችን አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት፤ ቴርሞስታት ትባላለች። በአገራችን ብዙ ሾፌሮች «መኪና የምታስፈላ እርሷ ናት» ብለው አውጥተው ይጥሏታል። እኛ ደግሞ የምንለው፣ ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል መድኃኒት አይደለም፤ በተለይም እንደኛ ባለ ደጋ አገር ቴርሞስታትና የራዲያተር ክዳን ሁልጊዜ አብረው መታየት አለባቸው ነው። ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን።

ቴርሞስታት ምንድን ነው?

ሞተር ሲሠራ ይግላል። ሙቀቱን የሚወስድለት በውስጡ የሚዘዋወረው ውሃ ነው። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ በሲሊንደሮቹና በቴስታታው ዙሪያ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ራዲያተር ሄዶ በነፋስ ይቀዘቅዝና ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ እንደ ዘበኛ በር ይዞ የሚቆመው ቴርሞስታት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ በሩ ዝግ ነው፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በሞተሩ ውስጥ ብቻ በአጭሩ መንገድ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ ከሚፈለገው ሲደርስ በሩ ይከፈትና ውሃው ወደ ራዲያተር ይለቀቃል።

በሩን የሚከፍተው ሌላ ነገር ሳይሆን ሰም ነው። በትንሽ የብረት ጽዋ ውስጥ የታሸገው ሰም ሲቀልጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ ዘንጉን ይገፋል፤ በሩም ይከፈታል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይኮማተርና ስፕሪንጉ በሩን መልሶ ይዘጋዋል። ይህ የሰም ዓይነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን ሰርጊየስ ቨርኔት በተባለ ሰው ስም ይታወቃል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ቶሎ የሚተን ፈሳሽ የተሞላባቸው፣ እንደ ወናፍ የሚለጠጡ ነበሩ። እነዚያ የሚከፈቱበት ሙቀት በውጭ ባለው ግፊት ይለዋወጥ ነበር። ሰሙ ግን ደጋም ሆነ ቆላ የሚቀልጥበት ሙቀት ያው ነው። ይህን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በቴርሞስታቱ ላይ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ 82 የሚል አለ። ትርጉሙ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል ማለት እንጂ በ82 ወለል ብሎ ይከፈታል ማለት አይደለም። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨምር ነው፤ ለ82ቱ 95 ግድም መሆኑ ነው።

በደጋ አገር የውሃ አፈላል

እናቶቻችን የምታውቁት ነገር አለ። ባቄላ በደጋ ለመብሰል ከቆላ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ምክንያቱ እንጨቱ አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ገና ብዙ ሳይግል ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2450 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በድስታችን ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ከዓባይ ድልድይ ዘንድ፣ 1100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከ96 ትንሽ ይበልጣል።

አሁን ሁለቱን ነገር እናገናኝ። ሰሙ በደጋም በቆላም በዚያው በ82 መቅለጥ ይጀምራል፤ በሩም በ95 ወለል ብሎ ይከፈታል። ውሃው ግን እዚህ በ92 ይፈላል። እንግዲህ በሩ ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት ውሃው ሊፈላ ነው ማለት ነው። ታዲያ መኪናዎች ሁሉ ለምን አይፈሉም ብትሉ፣ መልሱ የራዲያተሩ ክዳን ነው።

የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚቆጠር አይደለም። ውስጡ ስፕሪንግና ላስቲክ አለው፤ ውሃው ሲሞቅ የሚፈጠረውን ግፊት አፍኖ ይይዛል። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ያ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ግፊት ሲታፈን ውሃ በቶሎ አይፈላም። 0.9 የሚለው ክዳን ደኅና ከሆነ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ ክዳን ከሆነ ግን በ92 ይንተከተካል።

አደጋው ይኸ ነው፤ ሾፌሩ የሙቀት ጌጁን ሲያይ ቀስቱ መካከል ላይ ነው። 92 ዲግሪ ለጌጁ ጤነኛ ሙቀት ነዋ! ቀይ ላይ ሳይደርስ ውሃው በእንፋሎት እየሆነ ይወጣል። ውሃው ካለቀ በኋላ ደግሞ የጌጁ መለኪያ በውሃ ውስጥ ስለማይሆን እውነቱን አይናገርም። ሾፌሩ የሚነቃው ቴስታታው ከተጣመመና ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ «ቴርሞስታቱ ነው ያቃጠለኝ» ይባላል። ጥፋቱ የክዳኑ፣ ቅጣቱ የቴርሞስታቱ ሆነ ማለት ነው።

ቴርሞስታት ሲወጣ የሚደርሰው ጉዳት

ቴርሞስታት የሞተሩን ሙቀት ወለል ይወስናል እንጂ ጣራውን አይወስንም። ይኸውም ሞተሩ ከዚህ በታች አይቀዝቅዝ ይላል እንጂ ከዚህ በላይ አይጋል ለማለት አይችልም። በሩን ወለል አድርጎ ከከፈተ በኋላ የቀረው ሥራ የራዲያተሩ፣ የፓምፑ፣ የቬንትሌተሩና የቺንጋው ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ ሞተሩ ከጋለ ጥፋተኛው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወለሉን ስናፈርሰው ምን እናገኛለን? በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ በተለይ ወደ ጮቄ ተራራ ግድም ውርጭ በሚወርድበት አገር፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ረጅም መንገድ ሄዶም አይሞቅም። ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ የናፍታ ሞተር ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ቤንዚን የሆነ እንደሆነ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥበዋል። በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ተንኖ ስለማይወጣ ዘይቱ ይበላሻል። በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይፈጃል፤ ሳያረጅ ያረጃል።

ዓባይ በረሃን ደግሞ እንመልከት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ሲሆን በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ አለ። በየወገኑ ከፍታው ከ1300 ሜትር በላይ ይለያያል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሞተሩ እምብዛም ነዳጅ አያቃጥልም፤ ነፋሱ ግን ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ቴርሞስታት ያለው መኪና በሩን ዘግቶ ሙቀቱን ይጠብቃል። የሌለው ግን እስከ ድልድዩ ድረስ ሲቀዘቅዝ ይሄድና ወዲያውኑ፣ ቆላው በሚጋረፍበት ቦታ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን ይጀምራል። እንዲህ በአንድ ጊዜ መቀዝቀዝና መጋል ለቴስታታና ለጓርኒሲዮን ጠንቅ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ትልቁ በር ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ከበስተኋላው ያለው ትንሹ ሳሕን ያንን አጭሩን መንገድ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ አጭሩ መንገድ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከፊሉ የጋለ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መኪና ቴርሞስታቱ ስለወጣለት ዳገት ላይ ይበልጥ ይግላል። «እንዳይፈላ» ተብሎ የተደረገው ነገር የሚያስፈላው ሆነ ማለት ነው።

እንዴት እንምረጥ?

አንደኛ፣ ቁጥሩ በመኪናው መጽሐፍ የታዘዘው ይሁን። «ለዓባይ ይበጃል» እየተባለ በ82 ፈንታ 71 ወይም 76 የሚያስገቡ አሉ። ይህ በሩ ቀደም ብሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ነገር ግን ረጅሙን ዳገት ስንወጣ 82ቱም ቢሆን ተከፍቶ ስለሚቆይ የሚገኝ ጥቅም የለም። ራዲያተሩ የተደፈነ ከሆነ የፈለገው ቁጥር ቢገባ አያድነውም።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ይዘን ወደ መለዋወጫ ሱቅ እንሂድ። የአፉን ስፋት፣ ቁመቱን፣ ከታች ሁለተኛ ሳሕን ያለው መሆኑን እናስተያይ። አፉ ልክ ሆኖ ቁመቱ ያጠረ ቢሆን ትንሹን መንገድ አይዘጋም።

ሦስተኛ፣ ከመክፈላችን በፊት ወደ ብርሃን እናንሣው። ዝግ በር ዙሪያውን ብርሃን ማሳለፍ የለበትም። በጠርዙ ላይ አየር የሚያወጣ ትንሽ ቀዳዳና በውስጡ የሚወዛወዝ ቁልፍ ካለው፣ ስንነቀንቀው ይንቀሳቀስ። ቁጥሩ በግልጽ የተመታ ይሁን፤ ቁጥር የሌለውን አንግዛ።

አራተኛ፣ አዲሱን ላስቲክ ወይም ጓርኒሲዮን አብረን እንግዛ። ክዳኑንም እንመርምር፤ ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የክዳኑም ቁጥር የታዘዘው ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር ብናስገባ ግፊቱ ያረጀውን ራዲያተርና የጎማውን ቱቦ ሊያፈነዳው ይችላል።

በድስት መፈተን

ቴርሞስታትን በቤት መፈተን ይቻላል። በሩ መካከል ቀጭን ክር አስገብተን በክሩ እናንጠለጥለውና በብረት ዕቃ ውስጥ ባለ ውሃ እናጠልቀዋለን፤ የዕቃውን ታች እንዳይነካ ነው። ውሃውን ቀስ ብለን እናሞቀዋለን። በሩ ሲከፈት ክሩ ይለቅና ዕቃው ይወድቃል። የሙቀት መለኪያ ካለን የወደቀበትን ዲግሪ ከቁጥሩ ጋር እናስተያያለን። ለዚህ ሥራ የወጥ ድስት አንጠቀም። ኩላንት መርዝ ነው፤ በአሮጌው ቴርሞስታት ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

እዚህ ላይ የውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ያለውን እንደወረደ ብንከተል እንሳሳታለን። መጽሐፉ «በሚፈላ ውሃ ውስጥ ወለል ብሎ መከፈት አለበት» ቢል የሚፈላውን ውሃ 100 ዲግሪ አድርጎ ነው። የኛ ፈላ 92 ብቻ ነው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ሲፈተን 82 የተባለው ውሃው ከመፍላቱ በፊት ክሩን ይለቅና አብዛኛውን ይከፈታል፤ እስከ መጨረሻው ባይከፈት ተበላሽቷል አይባልም። 88 የተባለው ሊፈላ ሲል ይጀምርና በጥቂቱ ብቻ ይከፈታል። 92 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ጭራሹን ላይከፈት ይችላል፤ እርሱም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ባለማወቅ ስንት ደኅና ዕቃ ተጥሏል! 82ቱ ግን ውሃው እየተንተከተከ ብዙ ደቂቃ ቆይቶ ክሩን ካለቀቀ ሞቷል፤ ይለወጥ። ከሙቅ ውሃ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ አፉን ካልዘጋም እንዲሁ ነው።

መኪናው ላይ ሳለም ምልክት አለው። ሞተሩ ግሎ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ተጣብቋል ብለን እንጠርጥር። ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ የጌጁ ቀስት በመጠኑ ዝቅ ቢል ያለ ነው፤ እስከ ታች ከወደቀ ግን በሩ ተከፍቶ ቀርቷል ወይም ቴርሞስታቱ ጭራሹን የለም።

አቀያየር

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሞተሩ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ውሃው ከቴርሞስታቱ ቤት በታች እስኪሆን ይቀነስ፤ በንጹሕ ዕቃ ይጠራቀም፤ ከብት ወይም ውሻ እንዳይቀምሰው ይጠበቅ። ብሎኖቹ ተፈትተው አሮጌው ሲወጣ እንዴት እንደተቀመጠ በደንብ ይታይ። አዲሱ ሲገባ ሰሙ ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ፣ አየር የሚያወጣው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ላይ ይሁን። ቀዳዳው ወደ ታች ከሆነ አየር ከበሩ ዘንድ ታፍኖ ይቀርና ሰሙን ውሃ አያገኘውም፤ አዲሱ ዕቃ ገና በመጀመሪያው ቀን «አይሠራም» ይባላል። የብረቱ ፊት ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ይጽዳ፤ ብሎኖቹ ሁለቱም ወገን ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ።

ውሃው ሲሞላ በዝግታ ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ዝገትና ድንጋይ ያስከትላል፤ ከተቻለ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ተደርጎ ይሞላ። ኩላንት ከውርጭም ይጠብቃል፤ ውሃው የሚፈላበትንም ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ሂተር ካለ ወደ ሙቅ ይከፈት፤ ሞተሩ ክዳኑ ሳይዘጋ ገና በቀዝቃዛነቱ ተነሥቶ አየሩ እየወጣ ውሃው ሲጎድል ይጨመር። ከዚያ ክዳኑ ይዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ ውሃው እንደገና ይታይ።

በመንገድ ላይ ቢፈላ

ዳገት ላይ ቀስቱ ከወትሮው ከፍ ማለት ከጀመረ ቀይ እስኪነካ አንጠብቅ። ማርሽ ቀንሰን፣ ሂተሩን ከፍተን፣ ቦታ ፈልገን እንቁም። ጎማው በድንጋይ ታኮ ይደረግ፤ ስንሄድ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሣት ግዴታችን ነው፤ የስንት ሰው ነፍስ የጠፋው በቀረ ድንጋይ ነው። ውሃው ሳይፈስ ሙቀቱ ብቻ ከፍ ብሎ ከሆነ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ጥቂት ይቆይ። እንፋሎት ከወጣ ወይም ውሃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው ይጥፋ። ክዳኑ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን አይከፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋ፤ ቴስታታ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው። መንገደኛው ቢቸኩልም፣ ለቅሶ ደራሹ ቢጣደፍም፣ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ጭራሽ ከመቅረት ይሻላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ የተነሣ ለእድራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ለቀብር ዓባይን የሚሻገር መኪና ስንኮናተር ዋጋውን ብቻ አንጠይቅ። የተላከው ሰው ለሾፌሩ ሦስት ጥያቄ ያቅርብለት። ቴርሞስታቱ በቦታው አለ ወይ? የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ደኅና ነው ወይ? መጠባበቂያ ውሃ ተይዟል ወይ? ሾፌሩ «ቴርሞስታቱንማ ድሮ አውጥቼዋለሁ» ብሎ ከኮራ ሌላ መኪና ይፈለግ። የራሳቸው መኪና ያላቸው አባሎቻችን ደግሞ ከክረምት መውጫ በኋላ፣ የበጋው ጉዞ ሳይጀመር፣ ክዳንና ቴርሞስታታቸውን ያስመርምሩ። እኛም በሙያው ያለን አባላት ለእድሩ ሰው ያለ ክፍያ በድስት ፈትነን ለማሳየት ዝግጁ ነን።

የሁለቱ ዕቃ ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ያገለግላል። ሟቾቻችንን በሰዓቱ ለአፈር የምናበቃ፣ በሕይወት ያለነውም ከመንገድ በሰላም የምንመለስ ያድርገን።